በወር ሲባል የማን ወር?

ጅዳ ውስጥ ለቤት ሠራተኛ በሚፈረም ውል ላይ ክርክር የማያስነሳ የሚመስል አንድ ቃል አለ፦ «በየወሩ»። ሠራተኛዋ ከወሎ ወይም ከጅማ የመጣች ከሆነች ወሯ 30 ቀን ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ አምስት ወይም ስድስት የጳጉሜ ቀናት ይተርፏታል። አሠሪዋ ያደገው አዲስ ጨረቃ ስትታይ በሚጀምርና በ29 ወይም በ30 ቀን በሚያልቅ ወር ነው። ውሉን በእንግሊዝኛ ያረቀቀው ኤጀንሲ የያዘው 28፣ 30 እና 31 እያፈራረቀ የሚሄደውን የፈረንጅ ወር ነው። ሦስቱም ይፈርማሉ። የማን ወር እንደሆነ የሚታወቀው ራቲብ፣ ማለትም ደመወዝ፣ ሲዘገይ ነው።

አንድ ነገር በየስንት ጊዜው እንደሚሆን የሚናገሩ ቃላት ሁሉ እንዲህ ያለ ዕዳ አለባቸው። ብቻቸውን ጊዜ አይለኩም፤ ከጀርባቸው የቆመውን ቀን፣ ወር ወይም ዓመት ይዋሳሉ። በጅዳና በመካ ኑሮ ደግሞ ሦስት የዘመን አቆጣጠሮችና ሦስት ቋንቋዎች በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚውሉ፣ ሌላ ቦታ የሰዋስው ጉዳይ የሚሆነው ነገር እዚህ የደመወዝ፣ የመድኃኒትና የሕግ ጉዳይ ይሆናል።

ከደመወዙ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ወሩን በግልጽ ሰይሞት ነበር፦ ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ሌላ ካልተስማሙ በቀር ደመወዝ የሚከፈለው በየሂጅራው ወር መጨረሻ ነው። የጨረቃ ወር በአማካይ 29 ቀን ተኩል ያህል ነው፤ አሥራ ሁለቱ ሲደመሩ 354፣ አንዳንዴም 355 ቀን ይሆናሉ። የሁለት ዓመት ውል በፈረንጅ 730 ቀን ነው፤ በሂጅራ 708 ወይም 709። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ ሴት በሂጅራ ሃያ አራተኛ ራቲቧን ስትቀበል የፈረንጁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። የዚያ ሦስት ሳምንት ዋጋ 700 ሪያል ገደማ ነው። በሂጅራ ለሚከፈላት የሃያ አምስተኛው ወር ደመወዟ አካል ነው፤ በፈረንጅ ለሚከፈላት ግን በሃያ አራቱ ውስጥ ተጠቅልሎ የገባ ሥራ ነው። ያው ደንብ አራት ዓመት ሳያቋርጥ ላገለገለ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ የስንብት ክፍያ ይሰጥ ነበር። አራት የሂጅራ ዓመት ከአራት የፈረንጅ ዓመት በአንድ ወር ተኩል ገደማ ስለሚያጥር፣ መብቱ የሚደርስበት ቀንም በዚያው ልክ ይቀድማል ወይም ይዘገያል።

ይህን ሂሳብ ከማንም በላይ ያወቀው የሳዑዲ መንግሥት ራሱ ነው። የነዳጅ ዋጋ ወርዶ በጀቱ በጠበበበት ጊዜ፣ ከኦክቶበር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ከሂጅራው ወደ ፈረንጁ ወር ተዛወረ። የደመወዙ መጠን ሳይነካ እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት የ11 ቀን ገደማ ክፍያ አጣ። በ2023 መገባደጃ ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከሸሪዓ ጋር ከተያያዙት በቀር የመንግሥት ጉዳዮች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲሠሩ ወሰነ። የቀን መቁጠሪያ ለውጥ እንደ አስተዳደር ማሻሻያ ይነገራል፤ እኔ ግን የ2016ቱን እንደ ደመወዝ ቅነሳ ነው የማነበው።

ሀገር ቤት ያለው ደመወዝተኛ ጳጉሜን በነፃ እንሠራለን እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ ደስ ይላል እንጂ ሂሳቡ ከፈረንጁ አይለይም፦ 12 ደመወዝ ለ365 ቀን። ከሦስቱ አቆጣጠሮች ለሠራተኛ የሚያደላው የጨረቃው ብቻ ነው፤ በአንድ የፀሐይ ዓመት ውስጥ ከ12 ደመወዝ ያለፈ የሚያስቆጥረው እሱ ነውና። ይህን ብዙዎቹ ሠራተኞች አያውቁትም፤ ወሩ ሁሉ እየቀደመ የሚመጣ ስለሚመስላቸው በሂጅራ መከፈልን የሚጠሉም አሉ።

በዚህ መሐል እንግሊዝኛ አማላጅ ሆኖ ይገባል። ዓረብኛ የማትችል ሠራተኛና አማርኛ የማይሰማ አሠሪ በውሉ፣ በሆስፒታሉ፣ በአውሮፕላን ጣቢያው የሚገናኙት በእሱ ነው። ችግሩ አማላጁ ራሱ ጊዜን በሚቆጥር ነገር ላይ አንደበቱ አለመጥራቱ ነው። «ባይ» የሚለው ቅጥያ ሁለት ማለት ነው፤ ሁለት ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። «ባይዊክሊ» በሳምንት ሁለቴም፣ በሁለት ሳምንት አንዴም ይሆናል። «ባይመንዝሊ»ም እንዲሁ በወር ሁለቴ ወይም በሁለት ወር አንዴ ነው። የአሜሪካኖቹ ሜሪየም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ፍቺ ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ስህተት ነው ብሎ አንዱን አልጣለም። በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ያለው ልዩነት አራት እጥፍ ነው፦ በወር ሁለቴ በዓመት 24 ጊዜ ሲሆን፣ በሁለት ወር አንዴ 6 ጊዜ ብቻ ነው። ለዓመት ሲደርስ ቃሉን ለሁለት ከፈሉት፤ «ባይአንዩዋል» አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ፣ «ባይኒያል» በሁለት ዓመት አንዴ። የሁለት አናባቢዎች ልዩነት የአራት እጥፍ ልዩነት ተሸክሟል። እንግሊዞች «ፎርትናይት» የሚል የማያሻማ ቃል አላቸው፤ አሥራ አራት ሌሊት ከሚል አሮጌ አነጋገር የወጣ ነው። አሜሪካኖች ግን እምብዛም አይጠቀሙበትም።

እኛም ከዚህ ንጹሕ አይደለንም። ሁለት ሳምንትን «አሥራ አምስት ቀን» እንላለን፤ የሚመጣውን ሳምንት ያንኑ ቀን ደግሞ «የዛሬ ስምንት»። የጀመርንበትን ቀን አብረን ስለምንቆጥር ነው፤ ፈረንሳዮችም ልክ እንደኛ ስምንትና አሥራ አምስት ይላሉ። በአማርኛ «በየአሥራ አምስት ቀኑ እልካለሁ» ያለች ልጅ በ14 ቀን እንደምትልክ እናቷ ታውቃለች። ያንኑ ቃል በቁሙ ወደ ሌላ ቋንቋ የገለበጠ ሰው ግን በዓመት ከ26 ጊዜ ወደ 24 አወረደው። ሁለት ጊዜ ሐዋላ ማለት ነው።

በሳምንቱ ቀናት ላይ አማርኛና ዓረብኛ ይስማማሉ። እሑድ በሁለቱም አንደኛ ቀን ነው፤ ሐሙስም በሁለቱም አምስተኛ ነው። የማይስማማው የአውሮፕላን መርሐ ግብር ነው፤ በዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ልማድ 1 ቁጥር ሰኞን፣ 7 ቁጥር እሑድን ያመለክታል። የሳምንቱ መጨረሻም በሳዑዲ እስከ 2013 ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ በንጉሥ ዐብደላህ ትእዛዝ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ተዛወረ። ከዚያ በፊት «በየሳምንቱ መጨረሻ» ተብሎ የተፈረመ የዕረፍት ቀን ቃሉ ሳይለወጥ ቀኑ ተለወጠበት። ዓረብኛው ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፤ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ የዓርብ ሌሊት የሚባለው ሐሙስ ማታ ነው። በየዓርብ ሌሊቱ እንግዳ አለ የተባለች አብሳይ አንድ ቀን ሙሉ ዘግይታ ልታበስል ትችላለች።

ዓመት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይሰፋል። የሂጅራው አቆጣጠር የጨረቃን ዓመት ከፀሐይ ጋር ለማስታረቅ ይጨመር የነበረውን ወር ከነቢዩ ሙሐመድ የስንብት ሐጅ ዘመን ጀምሮ አግዷል። የኛ ባሕረ ሐሳብ በ19 ዓመት ዑደት ጨረቃን ከፀሐይ እያስታረቀ ፋሲካን በጸደይ አካባቢ ሲያቆይ፣ ሐጅና ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደሙ በ33 ዓመት ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራሉ። ስለዚህ «በዓመት አንዴ» የሚለው ቃል በሂጅራ ሲነገር ሁልጊዜ እውነት ነው፤ በሌላ ዓመት ሲለካ ግን አልፎ አልፎ ይሰበራል። በ1997 እ.ኤ.አ. ረመዳን ሁለት ጊዜ ገባ፤ በ2030ም ጃንዋሪና ዲሴምበር ላይ እንደዚያው ይሆናል። በ2006 ደግሞ ዒድ አል አድሃ በጃንዋሪም በዲሴምበርም ዋለ፤ በአንድ የፈረንጅ ዓመት ሁለት ሐጅ ማለት ነው።

በኛ አቆጣጠር ግን ድርብ ረመዳን የሚውልበት ዓመት ሌላ ነው። ሚሌኒየሙን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. በሳዑዲ ረመዳን የገባው መስከረም 2 ቀን ነበር፤ ቀጣዩ ረመዳን ደግሞ እዚያው ዓመት ውስጥ ነሐሴ 26 ቀን ገባ። ያ ዓመት ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ሁለት ረመዳን የጀመረበት መሆኑን በዚያ ሁሉ የሚሌኒየም ጽሑፍ ውስጥ አንብቤው አላውቅም። ስሌቱ ቀጣዩን የሚያመጣው በ2032 ዓ.ም. ነው፤ አንዱ በመስከረም መጀመሪያ ሳምንታት፣ ሌላው በጳጉሜ።

ዘካም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በጨረቃ ዓመት ከመቶ ሁለት ተኩል የሚወጣው ግዴታ፣ ነጋዴው መዝገቡን በፀሐይ ዓመት የሚዘጋ ከሆነ ለተጨመሩት 11 ቀናት ማካካሻ 2.577 ገደማ እንዲሆን የሒሳብ ባለሙያዎች ያሰላሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 33 የጨረቃ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ማካካሻውን የተወ ነጋዴ በዕድሜው አንድ ሙሉ ዘካ ሳያወጣ ያልፋል።

ይህ የሚዞር ዓመት ከጅዳ ወደብ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የኢትዮጵያ ቆላ ድረስ ይሰማል። ከሶማሌ ክልል የሚነሱ በጎችና ፍየሎች በበርበራና በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግረው ለሐጅ እርድ ይደርሳሉ። ነጋዴው የዓመቱን ትልቁን ገበያ «ወቅት» ይለዋል፤ ዓረብኛውም የሐጅን ጊዜ እንዲሁ ወቅት ብሎ ይጠራዋል። ይሁን እንጂ ይህ ወቅት ከዝናብ ወቅት ጋር አይሄድም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሐጁ በጂላል ደረቅ ወራት ላይ ወደቀ፤ በ2024 በጁን አጋማሽ የመካ ሙቀት 51.8 ዲግሪ በደረሰበት ጊዜ ነበር፤ የሳዑዲ ባለሥልጣናት ባመኑት መሠረት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች ሞቱ። በ2026 «ጉ» በሚባለው የዝናብ ወራት፣ በግንቦት ላይ ይውላል። አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚያደልበው በሣር ነው፤ የሚሸጠው በጨረቃ። ሁለቱ የሚገጣጠሙት በ33 ዓመት ዑደት ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት መጣና ሳዑዲ በ1998፣ ቀጥሎም በ2000 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ ከብቶችን አገደች። ከሶማሊያ በኩል የሚወጡት ላይ የተጣለው እገዳ የተነሳው በኖቬምበር 2009 ነው። «ዓመታዊ» የሚባለው ገበያ ዘጠኝ ዓመት ተዘግቶ ቆየ ማለት ነው።

የካዕባ ልብስ ኪስዋ በየዓመቱ ይለወጣል። ለረጅም ጊዜ የሚለወጠው በዙልሒጃ 9 ቀን ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ ግን በሂጅራው አዲስ ዓመት በሙሐረም 1 ሆኗል። በሽግግሩ አሮጌው ልብስ ከዓመት በላይ ቆየ። ቃሉ ግን ያው ነው፤ በየዓመቱ።

ሕግ አውጪዎች ከዚህ ሁሉ የተማሩ ይመስላል። በሳዑዲ የሚኖር ሰው ሐጅ ካደረገ በኋላ በድጋሚ ለመሄድ አምስት ዓመት እንዲጠብቅ የሚለው አሮጌ ደንብ በዓመት ይናገራል። በቅርብ የመጣው ደንብ ግን መዲና በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ያለውን ረውዳ ለመጎብኘት የሚሰጠውን ፈቃድ በ365 ቀን አንዴ ብሎ ወሰነው። 365 ቀን የፈረንጅም የሂጅራም ዓመት ሆኖ ሊያከራክር አይችልም፤ ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ቆጥሮ ይጨርሰዋል። እስካሁን ካየሁት ሁሉ ንጹሑ አጻጻፍ ይህ ነው። የቤት ሠራተኛ ውልም «በየ30 ቀኑ» ወይም «በሂጅራው ወር የመጨረሻ ቀን» ቢል ምን ያህል ጠብ ይቀር ነበር።

ቀኑስ? ሐበሻና መካ በሰዓት ረገድ ድሮ ጎረቤት ነበሩ። በሳዑዲ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዓቱ 12 ይባል ነበር፤ እኛ እስካሁን እንላለን። እነሱ ትተውት እኛ ስለቀረን፣ አዲስ የመጣች ልጅ «በሦስት ሰዓት መድኃኒቱን ስጪ» ስትባል ስድስት ሰዓት ትሳሳታለች። መድኃኒት ላይ ደግሞ የድግግሞሽ ቃል ስህተት ሰው ይጎዳል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የተከለከሉ ምሕጻረ ቃላት ዝርዝር ውስጥ «ኪው ዲ» እና «ኪው ኦ ዲ» ይገኙበታል። አንደኛው በየቀኑ፣ ሁለተኛው አንድ ቀን እየዘለሉ ማለት ነው። በሐኪም እጅ ጽሑፍ መካከል ላይ ያለችው ፊደል ነጥብ ስትመስል ወይም ነጥቡ ፊደል ሲመስል የመድኃኒቱ መጠን እጥፍ ይሆናል አለዚያም በግማሽ ይቀንሳል። ብዙ የሳዑዲ ሆስፒታሎች በዚሁ ድርጅት ዓለም አቀፍ ክንፍ ዕውቅና ስላላቸው ክልከላው ለጅዳ ነርሶችም እንግዳ አይሆንም። «በቀን ሦስት ጊዜ» እና «በየስምንት ሰዓቱ» የሚሉትም አንድ ናቸው ብለን እናልፋቸዋለን። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ላይ የሚውጥ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያለ መድኃኒት ያድራል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሦስቱም ከመግሪብ እስከ ፈጅር ባለው ጊዜ ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ሐኪም በቀን ሁለቴ ወይም አንዴ ወደሚወሰድ ካልለወጠው በቀር።

ቁጥር የሌላቸው ቃላት ይቀራሉ፤ ዘወትር፣ ብዙ ጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ ከስንት አንዴ። በመድኃኒት ወረቀቶች ላይ የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ለእነዚህም ድንበር አበጅተውላቸዋል፦ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከአሥር ሰው በአንዱ ወይም ከዚያ በላይ ከታየ «እጅግ የተለመደ»፣ ከሺህ ሰው አንድ ሳይሞላ ከአሥር ሺህ ግን ቢያንስ አንድ ላይ ከታየ «ብርቅ»። የሚያነበው ሰው ግን «የተለመደ» ሲባል ከተወሰነው ቁጥር እጅግ በበዛ ሰው ላይ የሚደርስ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ቃሉ ከቁጥሩ በላይ ያስፈራል ወይም ያዘናጋል።

ማዘናጋቱ ጅዳ ላይ የከፋው በጎርፍ ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 2009፣ ሐጃጆች ወደ ሚና በሚሄዱበት ቀን፣ በአራት ሰዓት ውስጥ 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ወረደ፤ ከተማው በአንድ ሙሉ ዓመት ከሚያገኘው እጥፍ የሚጠጋ። ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በከፋ ሁኔታ የተመታው በምሥራቅ ያለው የቁወይዛ ሠፈር ነበር፤ የደሃና የስደተኛ መኖሪያ ሲሆን በሸለቆ አፍ ላይ የተሠራ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው የዝናብ ውሃ ማስወገጃ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ከሠፈሮቹ በስተምሥራቅ ደግሞ በቦቴ የሚደፋ የፍሳሽ ሐይቅ ነበር፤ ነዋሪው በምጸት የሽቶ ሐይቅ ይለው ነበር። ንጉሡ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ፣ ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ቆሙ። እንዲህ ያለው ዝናብ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው የሚለው ማጽናኛም አብሮ ተሰማ። በጃንዋሪ 2011 ከመቶ ሚሊ ሜትር በላይ በሦስት ሰዓት ወረደ። በኖቬምበር 24 ቀን 2022 በደቡብ ጅዳ በስድስት ሰዓት 179 ሚሊ ሜትር ተለካ፤ የሀገሪቱ የሜትሮሎጂ ማዕከል ከ2009 ይበልጣል አለ። በመካከሉ ቦዮችና ግድቦች ተሠርተው ስለነበር የሞቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

በመቶ ዓመት አንዴ የሚለው የእንግሊዝኛ መሐንዲሶች አነጋገር ቀጠሮ ይመስላል። ትርጉሙ ግን በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው፤ ዘንድሮ መጥቶ ከሆነ የሚመጣው ዓመት ዕድል አይቀንስም። በተጨማሪም አንዱ በአንድ ሸለቆ፣ ሌላው በሌላ ሸለቆ ስለሚመጣ በርካታ ሸለቆዎች የተሸከመች ከተማ በመቶ ዓመት ውስጥ የምታየው ከአንድ በላይ ነው። መቶ የሚለው ቁጥር ራሱ የወጣው ከጥቂት አሥርት ዓመታት መዝገብ ነው።

የመካ ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ረገድ ይሻላሉ። ጎርፍን በየስንት ዓመቱ እንደሚመጣ አልጻፉም፤ ስምና ዓመት እየሰጡ መዘገቡት። በኸሊፋ ዑመር ዘመን መቃም ኢብራሂምን ከቦታው የወሰደው ጎርፍ ስም አለው። በ1630 እ.ኤ.አ. የካዕባን ግድግዳ ያፈረሰው፣ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ እንደገና እንዲሠራ ያደረገው ጎርፍ ተጽፏል። በ1941 ሰዎች በካዕባ ዙሪያ እየዋኙ ጠዋፍ ያደረጉበት ፎቶግራፍ እስካሁን ይዞራል። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ሸለቆው ውስጥ ቤት ከመሥራቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ለስደተኛው ሂሳቡ አጭር ነው። ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በየተወሰነ ጊዜ የሚታደስ፣ ውሉ የሁለት ዓመት ስለሆነ የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚመለከተው አይመስለውም። ከመቶ አንድ የሆነ ዕድል ግን በአሥር ዓመት፣ ማለትም በአምስት ውል፣ ከአሥር አንድ ገደማ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ለቆየና ልጆቹን እዚያው ለወለደ ከአራት አንድ ያልፋል።